ሦስት ተኩል

በሰሜን ሞንጎሊያ፣ በየካቲት ማለዳ፣
ግንድ የጫነ መኪና በሐይቅ ላይ ሲነዳ፣
እስትንፋስ ውርጭ ሆኖ ሽፋሽፍት ላይ ሲያድር፣
ሰባተኛ «ለ» ክፍል አንድ ጥያቄ ነበር።

ጠያቂዋ ሁላን ናት፣ የዚያ ሹፌር ልጅ፣
አባቷ እስኪሻገር የምትቆም ከደጅ፦
«የበግ ላት ሲቀልጥ እናቴ ድስት ውስጥ ሳይ፣
ጠጣሩ ይሰምጣል፣ አይቀርም ከላይ፤
የቀዘቀዘ አየርም ከጣሪያ ላይ ወርዶ፣
እግራችንን ይቀጣል ምንጣፍ ለምንጣፍ ሄዶ፤
ታዲያ ይህ በረዶ፣ የብርድ ሁሉ አለቃ፣
ላይ ተኝቶ የቀረው ማን ቆሞለት ጠበቃ?»

መምህር ናምስራይ መልሱን አልሰጠም፤
ጠመኔ አላነሳ፣ መጽሐፍ አልገለጠም።
«ካፖርት ልበሱ» አለ።
ወጣን።

አርባ እርምጃ ገብተን ከዳር ወደ መሐል፣
መሰርሰሪያው ጮኸ፣ ነጭ ዱቄት ይተፋል፤
አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ፣ ድንገት ከዳውና
ጥቁር ውሃ ታየ፣ የሚተነፍስ ቁና ቁና።

«ታች ስንወርድ» አለ፣ «ይበርዳል ወይ ይሞቃል?»
«ይበርዳል!» አልኩ እኔ፣ «ይህን ማን ይስተዋል?»
ሃያ ሁለት እጅ ወጣ ከእኔ ጋር ተስማምቶ፤
የሁላን ብቻ ቀረ፣ ኪስ ውስጥ ተከትቶ።

ቴርሞሜትር ከጠርሙስ፣ ጠርሙሱ ከድንጋይ፣
ድንጋዩ ከገመድ ታስሮ ጠለቀ፣ ላይታይ።
ገመዱ ላይ ቋጠሮ፣ አንድ ለየሜትሩ፤
«አሥር ደቂቃ ነው፣ በየተራ ቁጠሩ።»

ከበረዶው ሥር ዜሮ፣ ምናልባት ትንሽ አለፍ፤
ከአራተኛው ቋጠሮ ሁለት፤ «ስህተት ነው፣ ይለፍ!»
ከዘጠነኛው፣ ከጭቃው ዳር፣ ስቦት ሲያወጣ ባንዳፍታ፣
ሁላን ተንበረከከች፣ ከጠርሙሱ ጉም አጥርታ፤
«ሦስት ተኩል» አለች።
ሞቋል። ታቹ ሞቋል።
ያነሳሁት እጄ አሁን የት ይገባል?

«ተጠጋጉ» አለን፣ «ትከሻ ለትከሻ!»
ለሃያ አራት ልጅ በቃ የአንድ ድንኳን ድርሻ።
«አሁን ያዙ እጅ ለእጅ፣ ክንዳችሁም ይወጠር!»
ክቡ ሰፋ፣ መሐሉ ባዶ፣ ልጁ ግን ያው ቁጥር።

«ውሃም እንዲህ ነው» አለ፣ «ሲበርድ ይጠጋጋል፣
ይከብዳል፣ ይሰምጣል፣ እስከ አራት ዲግሪ እንዲህ ያደርጋል፤
ከዚያ ሲብስበት ግን ቅንጣቱ እጅ ይይዛል፣
ክብደቱ ሳይቀየር የሚይዘው ስፍራ ይበዛል፤
በሰፋው ልክ ቀሎ ይወጣል ወደ ላይ፣
ብርድ ልብስ ይሆናል፣ ብርዱ ታች እንዳያይ።»

በዚያ ቅጽበት በረዶው ከሩቅ ጮኸ፣ አጓራ፤
የሁላን አባት መኪና ጥሩንባ ነፍቶ አለፈ፣ በእኛ በኩል ሲዞር ተራ።
እጇን ብቻ አወዛወዘች፤ ዓይኗ ከጠርሙሱ አልራቀም።
(እኔ መኪናውን አየሁ። አይደበቅም።)

ከዚያ ጽሑፍ መጣ። የብዕር ቀለም ረግቶ
እርሳስ ተዋዋስን፣ ጣት ጓንት ውስጥ ገብቶ።
መጽሐፉ፣ ገጽ ሰባ ሦስት፣ «አራት ነው» ይላል፤
«አራት በዪ» አልኳት፣ «ግማሽ ማን ያስታውሳል?»

መምህሩ ሰማ። ቆመ። ጺሙ ላይ በረዶ።
«የጠየቅነው ሐይቁን ነው፣ ሰው ከምድጃው ተሰዶ፤
መጽሐፉን ብንሻ እሳት ዳር በተነበበ፤
ያየሽውን ጻፊ። ግማሿ የት ሄደች? ያ ነው ያልታሰበ።
ነፋስ በመኸር አናውጦት ይሆን? ወይስ መሣሪያው ነው?
አላውቅም» አለ። መምህር «አላውቅም» ሲል ያን ቀን ነው የሰማነው።

ሁላን «ሦስት ተኩል» ጻፈች፣ አጠገቡ የጥያቄ ምልክት፤
እኔ ግን ከኋላዋ «አራት» ብዬ ጻፍኩ፣ በስርቆት።
በአራትም አለፍኩ፣ ፈተናው መጣና፤
ዛሬ ግን ስገልጠው ያን ደብተር እንደገና፣
አስባለሁ፦ በእሷ ገጽ ላይ አንድ ዓሣ፣
ጭቃው ዳር፣ በሦስት ተኩል፣ ክንፉን ሳያነሳ
ቀስ ብሎ ይተነፍሳል።
በእኔ ገጽ ዓሣ የለም፤
ገጽ ሰባ ሦስት ብቻ ተገልብጧል።